ሄልሜት ስትገዙ ከቅርፊቱ ይልቅ ውስጡን እዩ

ጥሩ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ዋናውን ሥራ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት እሱ ተጨፍልቆ ጭንቅላታችሁን ያተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ይጣላል። ብዙ ሰው ግን ሱቅ ገብቶ የሚፈልገው የማይሰበር፣ ሲያንኳኩት የሚጠነክር ሄልሜት ነው። የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በልኩ የሚጨፈለቅ፣ እስኪጨፈለቅም ድረስ ከጭንቅላት ላይ የማይወልቅ መሆን አለበት። እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሻጭ ወሬም ሆነ የማስታወቂያ ጋጋታ አያደናግራችሁም።

ለምን መጨፍለቅ እንዳለበት ላስረዳ። አንጎላችን ከራስ ቅላችን ጋር የተጣበቀ አይደለም። ፈሳሽ ከቦት ነው የሚኖረው። ጭንቅላት አስፋልት መትቶ ድንገት ሲቆም፣ አንጎል ወዲያው አይቆምም። ጉዞውን ይቀጥልና ከራስ ቅሉ የውስጥ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ስለዚህ የራስ ቅሉ ሳይሰበር፣ ከላይ ጭረት እንኳ ሳይታይ ሰው በአንጎል ጉዳት ሊሞት ይችላል። ትልቁ ጥያቄ ጭንቅላቱ ምን ያህል በድንገት ቆመ የሚለው ነው። የመኪና ፍሬን አስቡ። ቀስ ተብሎ ሲያዝ ተሳፋሪው አይንገላታም፤ በአንዴ ሲረገጥ ግን ከወንበሩ ይስፈነጠራል። ሄልሜት ውስጥ ያለው ፎም የጭንቅላት ፍሬን ነው።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ጭንቅላት በሰከንድ 7.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሬት መታ እንበል። ሄልሜት ሳይኖር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሄዶ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ጫና በአማካይ የመሬት ስበትን 950 ጊዜ ያህል ያክላል። በመሃል ፎም ገብቶ የመቆሚያው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጫናው ወደ 95 ይወርዳል። አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ሄልሜት የሚሰጣችሁ ያቺን 3 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሥራውን የሚሠራው ፎም ፖሊስታይሪን ይባላል። አዲስ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ ዙሪያውን ከሚደገፍበት ነጭ ነገር ጋር ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ጥግግቱ ለጭንቅላት ተብሎ ተለክቶ የተሠራ ነው። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን አረፋዎች ሲመቱ ይጨፈለቃሉ፣ ተመልሰውም አይነፉም። አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት የሚጣለው ለዚህ ነው። ከውጭ ያለው ቅርፊት ሥራው ምቱን ሰፋ ወዳለ ቦታ መበተን፣ ሹል ነገር እንዳይገባ መከላከልና አስፋልት ላይ መንሸራተት ነው። ፊታችሁን የሚነካው ለስላሳ ስፖንጅ ደግሞ ለምቾትና ለልክ ነው የተቀመጠው። ከከባድ ምት አያድንም። ሱቅ ውስጥ ሰዎች ያንን ስፖንጅ በጣታቸው እየጫኑ «ይሄ ጥሩ ነው» ሲሉ ሳይ ያሳስበኛል፤ የሚያድናቸው ከሱ ጀርባ ያለው ደረቅ ፎም ነውና።

ይህ እውቀት ከብዙ ሞት የተገኘ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ቲ. ኢ. ሎረንስ የተባለው ታዋቂ እንግሊዛዊ መኮንንና ጸሐፊ በሞተር ብስክሌት አደጋ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመረ፤ በ1941 ጥናቱን አሳተመ። የእንግሊዝ ጦርም መልእክት አድራሽ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። በ1953 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሎምባርድ ምትን የሚውጥ የውስጥ ሽፋን ያለው ሄልሜት ፈጥሮ ፓተንት አገኘ። የዛሬው ሄልሜት የዚያ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ሄልሜት ላይ ብዙ ፊደልና ቁጥር ይለጠፋል፤ ሁሉም አንድ አይደሉም።

የአሜሪካው ዲ.ኦ.ቲ. ይባላል። ከ1974 ጀምሮ ያለ መስፈርት ነው። መታወቅ ያለበት ነገር አምራቹ ራሱ «አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው መሆኑ ነው። መንግሥት አስቀድሞ አይፈትንም፤ በኋላ ከገበያ ናሙና እየገዛ ይፈትሻል። የአውሮፓው ኢ.ሲ.ኢ. 22 ግን ሄልሜቱ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት በገለልተኛ ላቦራቶሪ እንዲፈተን ያስገድዳል። ሁለቱ እኩል አጠገቤ ቢቀመጡ እኔ ያለ ማመንታት የኢ.ሲ.ኢ.ውን አነሳለሁ።

የኢ.ሲ.ኢ. ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ ይሰፋል። በክብ ውስጥ «ኢ» የሚባለው የላቲን ፊደል አለ፣ ከአጠገቡም ቁጥር። ያ ቁጥር ደረጃ አይደለም። የፈቀደውን አገር ብቻ ነው የሚናገረው፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን እያለ ይሄዳል። 1 ከ3 ይበልጣል የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ አትስሙት። የሚጠቅማችሁ ከሥር ያለው ረጅም ቁጥር ነው። በ05 ከጀመረ አሮጌው፣ በ06 ከጀመረ አዲሱ መስፈርት ነው።

ልዩነታቸው ተራ አይደለም። አሮጌው መስፈርት በአንድ ዋና የምት ፍጥነት ነበር የሚፈትነው፤ እሱም ቅድም ያሰላነው 7.5 ሜትር በሰከንድ ነው። ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 06 ግን በ8.2ም በ6ም ይፈትናል። ዝቅተኛው ፍጥነት ለምን አስፈለገ? ለከባድ ምት ብቻ ተብሎ የጠነከረ ፎም በቀላል ምት ጊዜ አልጨፈለቅም ሊል ስለሚችል ነው። ያኔ ምቱ በሙሉ ወደ አንጎል ያልፋል። አዲሱ መስፈርት የጨመረው ሌላም አለ። ሄልሜቱን 45 ዲግሪ ባዘነበለ ሻካራ ወለል ላይ ጥሎ ጭንቅላቱ ምን ያህል እንደሚሽከረከር ይለካል። በእውነተኛ አደጋ ጭንቅላት መሬትን የሚመታው ብዙውን ጊዜ በሰያፍ ነው። ሰያፍ ምት ጭንቅላትን ያዞራል፤ መዞር ደግሞ የአንጎልን ሕብረ ሕዋስ ይጎትታል፣ ይቀድዳልም። ሚፕስ የሚባለውና መሰሎቹ የውስጥ ሽፋኖች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ሄልሜቱ ሲመታ ሽፋኑ በጥቂቱ ተንሸራቶ ሽክርክሪቱን ይቀንሳል። ቢኖር ጥሩ ነው፤ ልክ ያልሆነ ሄልሜትን ግን አያስተካክልም።

ስኔል የሚል ስቲከርም ታዩ ይሆናል። በ1956 በውድድር ላይ በጭንቅላት ጉዳት በሞተው አሽከርካሪ በፒት ስኔል ስም የተቋቋመ የግል ድርጅት ነው። መስፈርቱ በፈቃደኝነት የሚገባበትና ጠበቅ ያለ ነው። በእንግሊዝ መንግሥት በ2007 የተጀመረው ሻርፕ ደግሞ ሄልሜቶችን እየገዛ ይፈትንና ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ሻርፕን የምወደው ብዙዎች ስለ ዋጋ ያላቸውን እምነት ስለናደ ነው። ርካሽ ሄልሜት 5 ኮከብ ሲያገኝ፣ ውዱ ደግሞ ከሱ አንሶ ሲገኝ ታይቷል። ውድ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ክብደቱ፣ የአየር መግቢያው፣ ስፌቱና ስሙ ነው። ቅርፊቱ ከፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ይሁን ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን፣ ፈተናውን ካለፈ አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። «እኔ በ80 እነዳለሁ፣ በ27 የተፈተነ ሄልሜት ምን ያደርግልኛል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ሞተረኛ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወደ መሬት የሚመጣው በዋናነት ከነበረበት ከፍታ መሆኑ ነው። ወደፊት የሚገፋው ፍጥነት አስፋልት ላይ በመንሸራተት ያልቃል። በሰከንድ 7.5 ሜትር ማለት ከ2.9 ሜትር ገደማ ከፍታ መውደቅ ነው፤ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከዚያ በታች ነው ያለው። ግንብ፣ ምሰሶ ወይም የቆመ መኪና በቀጥታ ከተመታ ግን ይህ ሒሳብ ይፈርሳል። በ80 ፍጥነት ግንብን የሚችል 3 ሴንቲ ሜትር ፎም የለም።

የተጭበረበረ ስቲከር በየቦታው አለ። ስለዚህ ዓይናችሁንና እጃችሁን ተጠቀሙ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሚመክረው ለማንም የሚሠራ ነው። ስፖንጁን ገለጥ አድርጋችሁ ደረቅ ፎም መኖሩን እዩ፤ ውፍረቱ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይገባል። ደህና ሄልሜት 1.4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ከሆነ ጌጥ ነው፣ መልሱት። ከቅርፊቱ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የወጣ ጠንካራ ሹል ነገርም መኖር የለበትም፤ አስፋልት ይይዘውና አንገት ያጣምማል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፦ ልክ። አምስት ኮከብ ያለው ሄልሜት ልካችሁ ካልሆነ ለእናንተ አምስት ኮከብ የለውም። ላቦራቶሪ ውስጥ የተፈተነው ልኩ በሆነ የጭንቅላት ቅርጽ ላይ ነው።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊ በሚጠቀምበት ሜትር ጭንቅላታችሁን ለኩ። ከቅንድባችሁ በላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ከኋላ በጣም በወጣው የጭንቅላት ክፍል ላይ አዙሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ከዚያ የአምራቹን ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ የአንዱ ኩባንያ «ኤል» የሌላው «ኤም» ሊሆን ይችላልና።

ቁጥሩ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሁለት ሰዎች እኩል 58 ሴንቲ ሜትር ሆነው አንዱ ክብ፣ ሌላው ከፊት ወደ ኋላ ሞላላ ጭንቅላት ሊኖራቸው ይችላል። ሄልሜቶችም እንዲሁ ይለያያሉ። አንዱ ሄልሜት ግንባራችሁን እየጫነ በጆሮ ግንድ በኩል ከላላ፣ ለእናንተ ጭንቅላት ክብ በዝቶበታል። የጆሮ ግንዳችሁን እየጨመቀ ከፊትና ከኋላ ክፍተት ካለው ደግሞ ሞላላነቱ በዝቷል። በሁለቱም ጊዜ ትልቅ ቁጥር መውሰድ መፍትሔ አይደለም። ሌላ ሞዴል ሞክሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ቦታ ቆረጠመኝ ብሎ ቁጥር ከፍ ያደርግና የሚወዛወዝ ሄልሜት ይዞ ይወጣል።

ስታጠልቁት ማሰሪያዎቹን ወደ ጎን ጎትታችሁ አስገቡት። አዲስ ሄልሜት ሲገባ ትንሽ ማስቸገር አለበት። በቀላሉ ዘው ካለ ሰፍቷል። ከገባ በኋላ ጉንጫችሁ ወደ ላይ ገፋ ማለት አለበት፤ ስታወሩ የጉንጫችሁን ውስጥ ሊያስነክሳችሁ ይችላል። ይህ ደግ ምልክት ነው። የጉንጩ ስፖንጅ ከተወሰነ ጊዜ አገልግሎት በኋላ ስለሚሟሽሽ፣ ዛሬ «ልክክ ብሏል» የምትሉት በኋላ ይላላል። አሁን ሄልሜቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አንቀሳቅሱት። የግንባርና የጉንጭ ቆዳችሁ አብሮ መሄድ አለበት። ሄልሜቱ ብቻውን ቆዳችሁ ላይ ከተንሸራተተ አንድ ቁጥር ውረዱ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ፈተና ማንም እንዲዘል አልፈልግም። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ እሰሩ። አንገታችሁን ደፋ አድርጉና አብሯችሁ ያለው ሰው የሄልሜቱን የኋላ ጠርዝ ከማጅራታችሁ በኩል ይዞ ወደ ላይና ወደፊት ይግፋው። ከወለቀ፣ ወይም ዓይናችሁን እስኪሸፍን ከተገለበጠ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። በአደጋ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ምት አለ፤ መጀመሪያ መኪናው፣ ቀጥሎ መሬቱ። በመጀመሪያው የወለቀ ሄልሜት ለሁለተኛው አይደርስላችሁም።

እንዳጠለቃችሁት ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ቆዩ። ባለ ሱቁ ቢሰለችም ይሰልች። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ከነመነጽራችሁ ሞክሩ፤ ፀጉራችሁንም ስትነዱ እንደምታደርጉት አድርጉት። ስታወልቁት መስታወት እዩ። ጉንጭ ላይ እኩል የተሰራጨ ቅላት ችግር የለውም። ግንባር ላይ አንድ ቦታ የቀላ፣ የሚያም ነጥብ ካለ ግን ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ራስ ምታት ይሆናል፤ ራስ ምታት የሚሰጥ ሄልሜት ደግሞ ቤት መቅረት ይጀምራል።

ዓይነቱን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ አገጭን የሚሸፍነውን ሙሉውን ውሰዱ። የጀርመን የአደጋ ጥናት እንዳሳየው ሄልሜት ላይ ከሚያርፉት ምቶች ሲሶ ያህሉ አገጭ አካባቢ ናቸው። ፊት ክፍት የሆነው ሄልሜት ያንን ሲሶ ለመንጋጋችሁና ለጥርሳችሁ ይተወዋል። ግማሽ ጭንቅላት ብቻ የሚሸፍነው ደግሞ ጆሮ ግንድንና ማጅራትንም ይጨምርበታል። የፊት ክፍሉ ወደ ላይ የሚነሳው ዓይነት መሃል ላይ ነው። ስትገዙት የኢ.ሲ.ኢ. ምልክቱ ላይ «ፒ» የሚለውን ፊደል ፈልጉ፤ የአገጩ ክፍል ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። «ኤንፒ» ካለ የአገጩ ክፍል እንደ መከላከያ አይቆጠርም። ይህን ዓይነት እየነዱ ከፍቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ አታድርጉት።

ስለ ማሰሪያው ብዙ አልልም፣ ግን ይህን ስሙኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ሄልሜት በትክክል ሲደረግ የመሞት አደጋን ከ6 እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደግሞ እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ቁልፉ ቃል «በትክክል» የሚለው ነው። ያልታሰረ ሄልሜት ከጭንቅላት ቀድሞ ይበርራል። ባለ ሁለት ቀለበቱ ማሰሪያ ባሰራችሁት ቁጥር ከልካችሁ ጋር ስለሚስማማ በውድድር ላይም የሚመረጠው እሱ ነው። ጠቅ የሚለው ዘለበትም ይሠራል፤ ርዝመቱን ግን እያያችሁ አስተካክሉ፣ ሳይታወቅ ይረዝማልና። ከአገጭ ሥር ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም።

«ሄልሜት መስማትና ማየት ይከለክለኛል» የሚሉ አሉ። አሜሪካ ውስጥ 900 አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ የመረመረው የሃሪ ሃርት ጥናት በ1981 ወጥቷል። ለአደጋ መንስኤ የሆነ አንድም የሄልሜት ችግር አላገኘም።

የፊት መስታወቱ ጥቁር ከሆነ ለቀን ብቻ ነው። የተጫጫረ ከሆነ ደግሞ በማታ የመኪና መብራት ሁሉ ላዩ ላይ ይበተናል፤ መስታወት መቀየር ሄልሜት ከመቀየር ይቀላል፣ ቀይሩት። ቀለምን እንኳ ችላ አትበሉ። በ2004 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ሞተረኞች ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያነሰ የአደጋ ዕድል እንደነበራቸው አሳይቷል። ከሩቅ መታየት ጥቅሙ ይህ ነው።

ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ። ፎሙ የተጨፈለቀ መሆኑ ከውጭ አይታይም፤ ቅርፊቱ ተመልሶ ቅርጹን ይይዛል፣ ቀለምም ጭረትን ይደብቃል። ሻጩ ታማኝ ቢሆን እንኳ ከሱ በፊት የነበረውን ላያውቅ ይችላል። አዲስም ሲሆን ከስፖንጁ ሥር የተለጠፈውን የተመረተበትን ቀን እዩ። አምራቾችና ስኔል አምስት ዓመት ያህል ከተጠቀማችሁበት በኋላ ቀይሩ ይላሉ። ላብ፣ የፀጉር ቅባት፣ ፀሐይና ሙጫው ማርጀቱ ቀስ በቀስ ያደክሙታል። በቤንዚን ወይም በቲነር አትጥረጉት፤ ፖሊካርቦኔትን ያለ ምልክት ያዳክማሉ። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። የሞተሩ መስታወት ላይ አንጠልጥሎ መተውም ልማድ ሆኗል፣ ግን የመስታወቱ ጫፍ ፎሙን ይሰረጉደዋል። ባዶውን ከእጅ ቢያመልጥ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ጭንቅላት ውስጡ እያለ ከተመታ ግን ጤናማ ቢመስልም ሥራው አልቋል።

አንድ የሚዘነጋ ሰው ቀረ፣ ከኋላ የሚቀመጠው። ብዙ ቤት ለሱ የሚሰጠው አሮጌው፣ የላላው፣ አንድ ጊዜ የወደቀው ሄልሜት ነው። ሲወድቅ ግን ከአሽከርካሪው እኩል ከፍታ ነው የሚወድቀው፤ የሚይዘው መሪም የለውም። አዘውትራችሁ የምታሳፍሩት ሰው ካለ ይዛችሁት ሱቅ ሂዱ፣ ጭንቅላቱን ለኩ፣ ማሰሪያውን አስራችሁ ከማጅራቱ በኩል ግፉት። ካልወለቀ ግዙለት።